ታቢታ የተረጎመችው ደመና

ፈሪ ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል። መብረቅ ሲመታ የድምፅ ሚክሰሩን ከሶኬት ነቅዬ ጠረጴዛ ሥር የምገባ ሰው ነኝ። ስሜ ፊልሞን ነው። ታቦር ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የድምፅ መሣሪያውን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ፤ በሌላው ቀን ለሠርግም ለስብሰባም ስፒከር አከራያለሁ። እናም ስለ ፍርሃት ሳወራ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በዚያ ሰሞን ግን ከእኔ የባሰ የፈራች ሴት አየሁ። እሷም፣ ሐዋሳ ውስጥ እንደሷ ደፋር ድምፅ ያለው ሰው የለም ብዬ የምምልላት ታቢታ ዳንጊሶ ነበረች።

ታቢታ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ባህል አዳራሽ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። እዚያ ካገኛችኋት "ስንት ገጽ ነው?" ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም። እሁድ ጠዋት ማይክ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ፓስተራችን ማቴዎስ የሚሰብከው በአማርኛ ነው። ከምእመኑ ግማሹ ከገጠር የመጣና የሲዳማን ቋንቋ፣ ሲዳሙ አፎን ብቻ የሚሰማ ስለሆነ ታቢታ ከጎኑ ቆማ ቃሉን እግር በእግር እየተቀበለች ትተረጉማለች። ሲጮኽ ትጮኻለች፤ ሲያለቅስ ታለቅሳለች፤ "እኔ" ሲል "እኔ" ትላለች። አንድ ጊዜ እንግዳ ሰባኪ መጥቶ "እኔ ሚስቴን ያገኘኋት ይርጋለም ነው" ቢል፣ እሷም ፈገግ እንኳ ሳትል ሚስቷን ይርጋለም እንዳገኘቻት ተናግራ ሽማግሌዎቹ በሳቅ አለቁ። ምን እንዳሳቃቸው እስከ ዛሬ የገባት አይመስለኝም።

ይህን ሥራ ያስተማሯት አሁን በሕይወት የሌሉ አንድ ወንጌላዊ ናቸው። ሕጋቸው አጭር ነበር። ሰባኪውን አታቋርጪ፤ ምን አልክ ብለሽ አትጠይቂ፤ ከፈጠነብሽ ቁጥሩን ጣዪና መልእክቱን ያዢ። ቁጥር ሲሉ የምዕራፉን፣ የዘመኑን፣ የነገሥታቱን ዕድሜ ማለታቸው ነው። ማንበብ የሚችል ሰው ከመጽሐፉ ያገኘዋል፤ የማይችለው ቢሰማውም አይዘውም ይሉ ነበር። በዚህ ሕግ ስንት ዓመት ተሰበከ፤ የተጎዳ ሰው አላየንም።

ፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ ከስፒከሩ ፊት ለፊት፣ ሁልጊዜ አንዲት አሮጊት ይቀመጣሉ። ስማቸው አለምነሽ ነው፤ ግን ሁሉም የሚጠራቸው የታቢታ እናት ብሎ ነው። አንድ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛውን ሞራ ሸፍኖት ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያይም። አማርኛ አይሰሙም፤ ፊደልም አልቆጠሩም። ስለዚህ ስለ እግዚአብሔር የሚያውቁት ሁሉ በልጃቸው አፍ በኩል የመጣላቸው ነው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ ድምፁን ከፍ ላድርግልዎ ብዬ ጠይቄአቸው አውቃለሁ። "የልጄ ድምፅ ይበቃኛል" አሉኝ።

እንግዲህ መስከረም ላይ የዓይን ሐኪሞች ዘመቻ ወደ ከተማችን መጣ። የታቢታ እናት ተመረመሩ። ሐኪሙ የጠፋው ዓይን እንደማይመለስ፣ የሁለተኛው ሞራ ግን ቢነሣ እንደሚያዩ ነገራቸው። ከዚያ ታቢታን ለብቻዋ ጠርቶ ሞራው ከሚገባው በላይ እንደ በሰለና ለከርሞ ከቆየ ዓይኑን ይዞት እንደሚሄድ አስጠነቀቃት። ቀጠሮው ለሐሙስ ተቆረጠ፤ ሐኪሞቹ ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ወደ መጡበት ይመለሳሉ። አሮጊቷ ደስ ብሏቸው አዲስ ሻሽ አስገዙ። ታቢታም ፎቶ ኮፒ ቤቷ ለሚመጣ ሰው ሁሉ "እናቴ ልታይ ነው" ትል ጀመር፤ ለሷ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ከቀጠሮው በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዩኒቨርሲቲው ለከተማው ሕዝብ የሳይንስ ገለጻ አዘጋጀና አዳራሽ ተከራየ። ስፒከሩ የእኔ ነበር። ተናጋሪው ከድር የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር ነው፤ የመጣው ከወሎ ነው፤ ሲዳሙ አፎ "ደህና አደራችሁ" ከማለት አያልፍም። ይተረጉማል የተባለው ሰው ታሞ ቀረ። አዘጋጆቹ ተጨነቁና ከተማው ውስጥ ማን ይችላል ቢሉ ሁሉም የታቢታን ስም ጠራ። መጣች። እናቷንም ይዛ መጣችና እንደ ልማዳቸው ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው።

ከድር ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ችግሩ ደስ ሲለው ይሮጣል። የምንኖርበት የከዋክብት መንደር፣ ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው፣ እንደ ሰፌድ ዝርግ መሆኑን ነገረን። ከሰፌዱ በላይ ያለው ቦታ ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም፤ እዚያ የሃይድሮጂን ጋዝ ደመናዎች አሉ አለ። ይንቀሳቀሳሉ። አንዳንዱ ሽቅብ ይወጣል፤ አንዳንዱ ቁልቁል ይወርዳል። በዓይን አይታዩም፤ የሚታወቁት በትልልቅ የሬዲዮ ጆሮዎች ነው። ይህን ሲል የድምፅ ሰው ነኝና ወደድኩት። ልክ በዚህ መሃል መብራት ጠፋ፤ እኔም ጄኔሬተሩን ላስነሣ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ከድር ደስታው ላይ ስለነበር ማይክ ሳይጠብቅ ቀጠለ፤ ታቢታም ያለ ማይክ ተከተለችው።

ጄኔሬተሩ አልነሣ ብሎ ሲያስለፋኝ ቆይቶ በመጨረሻ ተነሣ። ስመለስ አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አማርኛ የሚሰማው ወገን ያጨበጭባል፤ በስልኩ ተናጋሪውን ፎቶ ያነሣል፤ ይስቃል። ሲዳሙ አፎ የሚሰማው ወገን ግን ጸጥ ብሏል። ከጸጥታው ውስጥ አንድ ሽማግሌ "ጌታ ሆይ ማረን" ሲሉ ሰማሁ። አንዲት እናት ሕፃኗን ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣ ወደ በሩ ስትሄድ አየሁ። ታቢታ መድረኩ ላይ ቆማ የሚወጡትን በዓይኗ ትከተላለች።

ምን እንዳለች ያወቅሁት ኋላ ነው። "ከላይ ደመና እየወረደ ነው" አለች። "ከሐዋሳ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ በዓይን ጥቅሻ ይጨርሰዋል። ክብደቱ ከፀሐይ ሚሊዮን እጥፍ ነው። መጥቶ ይመታናል። ሲመታን ጋዙ ይጨመቃል፤ እሳት ይያያዛል፤ አዲስ ከዋክብት ይወለዳሉ።" ይህን ሁሉ በዚያ በእሁድ ድምፅዋ አለችው። ከድር ያለው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል። መቼ እንደሚሆን የተናገረው ሲሮጥ ነበርና፣ ከፈጠነብሽ ቁጥሩን ጣዪ ተብላ እንደ ተማረችው ጣለችው።

የሚገርመው እሷም የጣለችውን አላወቀችም። ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ አስተርጓሚ ከመድረክ ሲወርድ የሰማው ነገር ከጆሮው ይጠፋል፤ የሚቀረው የተናገረው ነው። እሷ ዘንድ የቀረው "መጥቶ ይመታናል" የሚለው ነበር። ቁጥር ያልተጠጋው፣ በራሷ ቋንቋ፣ በራሷ ድምፅ።

"ሌላ ሰው ቢለው አላምንም ነበር" አለችኝ ሰኞ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ሄጄ ሳገኛት። ማሽኑን ከፍታ ወረቀት ማስገባት ረስታ ባዶውን ታስሮጠዋለች። "ፊልሞን፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ከእኔ አፍ ነው የወጣው።"

እኔ ደግሞ ላጽናናት ሄጄ ተሸበርኩላት። እንኳን እናቴ ሞታ እንዲያውም አልቅስ አልቅስ ይለኛል እንደሚባለው ነው፤ ሰማይ ሊወድቅ ነው ሲባል ለምን እንዴት ብሎ የሚጠይቅ ልብ የለኝም። ሱቁ በር ላይ ወጥቼ ሽቅብ አየሁ። ከሐይቁ በላይ ደመና ነበር፤ ተራ የዝናብ ደመና። ተመልሼ ከማሽኑ ጀርባ ገባሁ።

እሷን ያስጨነቃት ግን ደመናው ብቻ አልነበረም። እናቷ ቀዶ ሕክምናውን አልፈልግም ብለዋል። ቤቷ ይዛኝ ሄደች፤ ምናልባት የሰው ፊት ካለ ይሰሙኝ ይሆናል ብላ ነው። አሮጊቷ በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ አዲሱን ሻሽ ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ተቀምጠዋል። ሲዳሙ አፎ መስማት እሰማለሁ፤ ለመናገር ግን ምላሴ ወላይታ ነው።

"የታቢታ እናት፣ እንዴት ዋሉ?" አልኳቸው እንደ ምንም።

"እየጠበቅሁ ነው፣ ልጄ" አሉኝ።

"እማ፣ ሐሙስ እኮ ነው ቀጠሮሽ" አለች ታቢታ። "ዶክተሩ ከርሞ አይሆንም ብሏል። ዓይንሽ ይሄዳል።"

"ሰማይ ሲወድቅ እንዳየው ነው ዓይኔን የምታስከፍቺው? ተይኝ። ሳላየው ልሙት።"

"መቼ እንደሚሆን አልተባለም፣ እማ።"

"እሱ ነው የገደለኝ" አሉ አሮጊቷ። "አባቴ አያንቶ ነበር። ጨረቃና ከዋክብትን አይቶ የዘመን መለወጫውን የፍቼን ቀን ለሽማግሌዎች የሚነግር። ስለ ሰማይ ሲናገር ቀኑን ሳይናገር አይነሣም። አንድ ዓመት ብቻ ቀኑን ደበቀ፤ የሚመጣውን ክፉ ነገር ተናገረና ዝም አለ። በሳምንቱ ከብቱ አለቀ። ቀኑን ለምን አልነገርከንም ብንለው፣ በራፍ ላይ የቆመ ነገር ቀን አይቆረጥለትም፣ ሰው ይሸበራል እንጂ ምን ይጠቅማል አለን። ያንቺም ሰውዬ ቀኑን አልተናገረም።"

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ደመና ፀሐይዋን ሸፈናት። እኛ ልብ አላልነውም፤ እሳቸው ግን ሙቀቱ ከፊታቸው ላይ ሲነሣ ተሰማቸው። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉና እንደ ልጅ ኩርምት አሉ።

"ደረሰ እንዴ? ታቢታ፣ ደረሰ?"

"የዝናብ ደመና ነው፣ እማ! የዝናብ ነው!"

ፀሐይ ስትመለስ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ክረምቱ እየወጣ ስለሆነ ሰማዩ አንዴ ይከደናል አንዴ ይገለጣል። ያን ቀን ሙሉ፣ ማግስቱንም፣ በተከደነ ቁጥር እንዲህ ሆነው እንደዋሉ ታቢታ ነገረችኝ። ወደ ቤት እንግባ ስትላቸው እምቢ ይላሉ፤ ሲመጣ ሳላውቀው አይምጣብኝ ይላሉ። እህልም ተዉ። ፍርሃት ሰውን እንዲህ ሲበላ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ራሴ የፈራሁት ደመናውን ይሁን አሮጊቷን መለየት አቃተኝ።

"ሰውየውን ሄደሽ ለምን አትጠይቂውም?" አልኳት ማክሰኞ።

"ሰባኪ አይጠየቅም።"

"ሰባኪ እኮ አይደለም፤ መምህር ነው። መምህር የሚከፈለው ሊጠየቅ ነው።"

የገባኝ ቆይቶ ነው። የፈራችው መልሱን ነበር። እውነት ነው ካላት ሁላችንም አልቀናል፤ ውሸት ነው ካላት ደግሞ አፏ ዋሽቷል። በዚያ ላይ በመናኸሪያ በኩል ስታልፍ ወደ ገጠር የሚሳፈሩት ሴቶች እጇን ይዘው "ታቢታ፣ እውነት ነው?" ይሏት ነበር። እሷም "እሱ እንዳለው አልኩ" ትላቸው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት እናቷ ውሃም አልቀበል ሲሉ ልቧ ቆረጠ። ባጃጅ ይዘን ዩኒቨርሲቲው ሄድን። ከድርን ቢሮው አገኘነው፤ ገና ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ።

"እትዬ ታቢታ! ምን ያህል እንዳኮሩኝ ሳልነግርዎት ሄዱብኝ። ያ ሁሉ ጸጥታ! እንደዚያ ያዳመጠኝ ሰው የለም።"

"መምህር" አለች። "መቼ ነው የሚመጣው?"

"ምኑ?"

"ደመናው።"

ከድር እኔን አየ። እኔም እንደሷ መልሱን እየጠበቅሁ ስለነበር አልረዳሁትም።

"ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብያለሁ እኮ" አለ። "ከዚያ በኋላ ነው። በእርግጥ ይፈጥናል፤ ግን ያለው በጣም ሩቅ ነው። ደግሞ ቢደርስም እኛ የምናውቀው ዓይነት ምት አይደለም። ያ ደመና ከምንተነፍሰው አየር ጋር ሲተያይ ምንም እንደ ማለት ነው፤ በጣት ጫፍ በምትሸፈን ቦታ ውስጥ አንዲት አቶም ብትገኝ ነው። ክብደቱ የበዛው ስፋቱ ስለማያልቅ ብቻ ነው። በላያችን ቢያልፍ አይሰማንም።" ቆም አለ። "አልተረጎሙትም እንዴ?"

ታቢታ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ "ተመስገን" ብዬ ጮኽኩ፤ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ለእኔ ይበቃኛል። እሷ ግን ፊቷ ከገባችበት ሰዓት ይልቅ ገርጥቶ ነበር። ከድርም ነገሩ ሲገባው ደነገጠ።

"እኔ እመጣለሁ" አለ። "አሁኑኑ ሄጄ ለእናትዎ እነግራቸዋለሁ።"

"እናቴ አማርኛ አትሰማም" አለችው። "እርስዎ ቢመጡም የምተረጉመው እኔ ነኝ።"

"ሌላ ሰው ይተርጉምልኝ።"

"ሌላ ሰው ያለውን አታምንም። እስከ ዛሬ ያመነችው የእኔን ነው።"

ከድር ሸኝቶን በር ላይ ሲቆም ጥፋቱ የእኔ ነው አለ፤ ሮጥኩ አለ። እሷ ራሷን ነቀነቀች።

ስንመለስ በቤተ ክርስቲያን በኩል አለፍንና ፓስተር ማቴዎስን አገኘነው። ነገሩን ስንነግረው እፎይ ብሎ ሳቀ። እሱም ሰው ሲጠይቀው ሰንብቶ መልስ አጥቶ ነበር።

"እህት ታቢታ፣ ይሄማ ቀላል ነው" አላት። "እናትሽን ጸሎት መልሶታል በያቸው። እሁድ ጸልየናል፤ ደመናውም አልመጣም። ውሸት አይደለም። ለሌሎቹ እኔ መድረክ ላይ ቀስ ብዬ አስረዳለሁ፤ የእናትሽ ቀጠሮ ግን ነገ ነው። ጸሎት መልሶታል ብትያቸው አሁን ተነሥተው ይሄዳሉ።"

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ብሆን ሮጬ እለው ነበር። ዓይናቸው ይድናል፤ እናትና ልጅ ይሳሳማሉ፤ አለቀ። ታቢታም አሰበችበት። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ቤቷ ያለውን ዳገት አብረን ወጣን። በራቸው ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዘች።

"ቁጥሩን ጥያለሁ ስላት፣ የጣልሽው ይህን ብቻ ነው ወይ ትለኛለች" አለች። "ፊልሞን፣ ደመናውን እንደዚህ አልፈራሁትም።"

"እንግዲያው ፓስተሩ እንዳለሽ በያት።"

"ያን ካልኩ ደግሞ አፌ ሲዋሽ ሁለተኛ ጊዜው ነው።" በሩን ገፋችው።

አሮጊቷ እዚያው በረንዳ ላይ ነበሩ፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ታቢታ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች። የእሁዱ ድምፅ አልመጣም። የመጣው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ድምፅ ነበር።

"እማ፣ ሰውየው ቀኑን ተናግሮ ነበር። ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ነው ያለው።"

"ያ ስንት ነው?"

"ሰው ከመፈጠሩ በፊት ጀምረሽ ብትቆጥሪ የማትጨርሺው። አንቺም እኔም፣ ከእኛ የሚወለደውም፣ አናየውም።"

"ይህን እሱ ተናገረ?"

"ተናገረ።"

"አንቺስ?"

"ጣልኩት።"

"ለምን?"

"ፈጠነብኝ። ሲፈጥኑብኝ ቁጥር እጥላለሁ፤ እንዲያ ነው የተማርኩት።"

የታቢታ እናት ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። ደመና መጥቶ ፀሐይዋን ሸፈነ፤ ጥላው በረንዳውን አቋርጦ ሄደ፤ እጃቸውን አላነሡም።

"ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ?" አሉ።

"ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ።"

"ቁጥር ብቻ ነው የጣልሽው? ሌላስ?"

እዚህ ላይ "ቁጥር ብቻ ነው" ብትል ማን ያውቅባት ነበር? በልቤ በይ፣ በይ እላታለሁ። እሷ ግን የእናቷን ጉልበት በሁለት እጇ ያዘች።

"አላውቅም፣ እማ። የጣልኩትን አላስታውሰውም።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሮጊቷ ያን ያህል ዓመት ፊተኛው አግዳሚ ላይ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሰሙትን ሁሉ አንድ በአንድ እየመለሱ የሚያዩት መሰለኝ። ስለ ይቅርታ የሰሙት አለ፤ ስለ ሞት የሰሙት አለ፤ የታቢታን አባት ሲቀብሩ የተጽናኑበት አለ። የቱ ሙሉ እንደሆነ፣ የቱ ጎዶሎ እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው የለም። ታቢታም ይህን አውቃ ራሷን አቀርቅራለች።

በመጨረሻ ሻሹን ከጉልበታቸው አነሡና ዳሰሱት።

"ነገ ውሰጂኝ" አሉ።

"እማ!"

"ሰማዩ ስለማይወድቅ አይደለም። ከእንግዲህ የሚናገረኝን ሰው ፊቱን እያየሁ ነው የምሰማው። ለዚያ ነው።"

እሺ ማለታቸውን ስሰማ ደስ ብሎኝ ታቢታን ባያት፣ ቃሉ እንደ ጥፊ አርፎባታል። ያም ሆኖ ተነሥታ ውሃ አመጣች፤ ጠጡላት።

ሐሙስ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። አርብ ጠዋት ፋሻው ይፈታል ተባለና ሦስታችንም ሄድን፤ አሮጊቷ አልጋ ላይ፣ ታቢታ ግድግዳው ሥር፣ እኔ በሩ ላይ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እየመጣብኝ ባላየው እመርጥ ነበር። ታቢታ ባያዩስ ብላ ትፈራለች። ካዩ ደግሞ ምን አይተው ምን እንደሚሏት ትፈራለች።

ሀያት የምትባለው ነርስ ፋሻውን ፈታችው። የታቢታ እናት ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ገለጡ፤ እንባቸው ወረደ፤ እንደገና ገለጡ። መጀመሪያ የነርሷን ነጭ ጋውን አዩ። ከዚያ መስኮቱን። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ይሄ ነው ፊልሞን?" አሉ። "እኔስ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር።"

ነርሷ ምን እንዳሉ ባይገባትም ስስቅ አይታ ሳቀች። አሮጊቷ አልሳቁም። ዓይናቸው ግድግዳው ሥር የቆመችውን ልጃቸውን አግኝቷታል። አገጯ ይንቀጠቀጣል፤ ቀሚሷን በእጇ ጨብጣዋለች። እናቷ ያን ፊት ካዩት ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በመካከሉ የነበራቸው ድምፅዋ ብቻ ነው፤ ያም ድምፅ አንድ ቀን እንኳ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

"ነይ ወዲህ" አሏት።

ሄደች። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው አገጯን ያዙት፤ መንቀጥቀጡን ግን ማቆም አልቻሉም።

"ያን ሁሉ የምትነግሪኝ እንዲህ እየፈራሽ ነበር?"

"አዎ፣ እማ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

"እኔ ብቻዬን የምፈራ መስሎኝ ነበር" አሉ የታቢታ እናት። ፈቀቅ ብለውም አልጋው ላይ ቦታ ለቀቁላት።